ላልቶ ይነበብ

እትዬ አንጓች ማረፋቸውን የነገረኝ የትምህርት ቤታችንን የፌስቡክ ገጽ የሚመራው ወጣት መምህር ነው። ደውሎ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ሳይጨርስ «ፎቷቸው አለሽ ወይ?» አለኝ። የሐዘን መግለጫ ሊለጥፍ ቸኩሏል። እንዲህ ያለ ችኮላ ያናድደኛል፤ ሰው ሳይቀበር ፎቶ ፍለጋ። ቢሆንም ማልቀሱን ለኋላ ትቼ እኔም ስልኬን መጎርጎር ጀመርሁ።

አንድም አጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተን፣ የስንቱን መምህር ሰርግ፣ የስንቱን ልጅ ክርስትና አብረን በልተን፣ ፊታቸው በደንብ የሚታይበት አንድ ፎቶ የለኝም። በአንዱ ከሰው ኋላ ናቸው። በአንዱ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል። በሌላው ደግሞ ቢጫ ዶሴ ፊታቸው ላይ ገትረው ግንባራቸው ብቻ ይታያል። መግለጫው በመጨረሻ የሻማ ሥዕል ብቻ ይዞ ወጣ። እሳቸው ቢያዩት «ይኸ ደግ ነው፤ ሻማ ማንንም አያሳማም» የሚሉ ይመስለኛል።

እትዬ አንጓች ፍኖተ ሰላም ውስጥ እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ክፍላቸው ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ያለች፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ ዶሴ ነው። ከከተማው፣ ከማንኩሳ፣ ከየገጠሩ ቀበሌ መጥቶ የተመዘገበ ልጅ ሁሉ እዚያ አለ፤ ስንተኛ እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደደገመ፣ ማን እንደሚያሳድገው፣ ለምን እንደተቀጣ። የሠራተኛውም ዶሴ እዚያው ነው። የተማሪ ካርድ ሲሰጡ ሁልጊዜ በጀርባው ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ። ዶሴ ይዘው ግቢውን ሲያቋርጡ በነጠላቸው ስለሚሸፍኑት የማያውቃቸው ሰው ሕፃን ያቀፉ ይመስለው ነበር።

አንድ ጊዜ ርእሰ መምህሩ የወደቁት ልጆች ስም ዝርዝር በቴሌግራም እንዲወጣ አዘዙ፤ ወላጅ እንዲያውቅ ብለው። እትዬ አንጓች «እሺ ጌታዬ» ብለው ወጡና ዝርዝሩ ጠፋባቸው። በሕይወታቸው አንድ ወረቀት ጠፍቶባቸው አያውቅም። በአራተኛው ቀን ርእሰ መምህሩ ራሳቸው መጡና «አሁንም አልተገኘም?» አሏቸው።

«ኧረ እየፈለግሁ ነው። የእርስዎም የአሥረኛ ክፍል ካርድ እዚሁ ስለነበር እሱንም አብሬ እየፈለግሁት ነው» አሉ እትዬ አንጓች፣ ፊታቸው ላይ አንድ የቀልድ ምልክት ሳይታይ።

ርእሰ መምህሩ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እኔ የኮምፒዩተር መምህርት ነኝ፤ ያን ጊዜ እትዬ አንጓችን ኋላ የቀሩ ሴትዮ አድርጌ ነበር የማያቸው። ባለቁልፍ ስልክ ነው የሚይዙት። ዶሴውን ሁሉ ኮምፒዩተር ውስጥ እናስገባው ብዬ ስወተውታቸው «ያንቺ ሣጥን ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አሉኝ። ፓስወርድ እንዳለው አስረዳሁ። «ማን ያውቀዋል?» አሉ። ሁላችንም መምህራን እንደምናውቀው በኩራት ነገርኋቸው። «ሁሉ ሰው የያዘው ቁልፍማ እጀታ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ተናደድሁ። እውነት ስለነበር ይበልጥ ተናደድሁ።

አሁን ወደ ተማሪዬ ወደ ትሁን ነገር ልምጣ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከስድስት ዓመት በፊት የአንድ አሥራ አንደኛ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ነበረን፤ የሚቀረው ተማሪ ግን ከሚመጣው በለጠ። ንዴት ጥሩ አማካሪ አይደለም። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትሁና «የሚቀር ሰው ምክንያቱን እዚህ ይጻፍ፤ ሁሉም ይየው» ብዬ አዘዝሁ። ሁሉም ይየው ያልሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ትሁን ከማንኩሳ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የመጣች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። በየሁለት ሳምንቱ ስንቋን ይዛ ትመጣለች። ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሲጠይቋት ደግሞ ትክክለኛውን ትናገራለች። ስልኳ ታላቅ ወንድሟ የሰጣት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ስሟ ጎን ያደረገችው ፎቶ በፋሲካ ቀሚስ፣ አጥር ተደግፋ የተነሣችው ነው። እንደ ትእዛዜ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ይቅርታ ቲቸር፣ ቅዳሜ አልመጣም። ቡሬ ሄጄ እሸጣለሁ።»

በርበሬ የሚለውን አልጻፈችም። እሷ አገር በርበሬው ደርቆ በተለቀመ ሰሞን ቡሬ ሄጄ እሸጣለሁ ያለ ሰው ምን እንደሚሸጥ ለማን ይጠፋል ብላ ይሆናል። ከሥሩ አንድ ልጅ አንዲት ቃል ጻፈ፤ «ስንት?»

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ያን የሚለየው አንባቢው ነው። «ሸ» ላልታ ስትነበብ ልጅቱ በርበሬ ሻጭ ናት። ጠብቃ ስትነበብ ግን ለሽያጭ የምትቀርበው እሷው ራሷ ትሆናለች። ልጁ አጥብቆ ነበር ያነበበው። እኔ አልገባኝም። የበርበሬ ዋጋ የጠየቀ መሰለኝ፤ ልጆቹ ሲጨዋወቱም ደስ አለኝ። ሁለት የሚስቁ ፊቶች ላክሁና ስልኬን አስቀመጥሁ። መምህርቷ ከሳቀች እንግዲህ ማን ይፈራል? ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሑድ ስክሪንሹቱ ከነፎቶዋ የከተማው ወጣት የሚከታተለው አንድ ቻናል ላይ ወጣ።

ሰኞ ትሁን አልመጣችም። ማክሰኞና ረቡዕም አልመጣችም። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ማንም ሳያያት ሪከርድ ክፍል ገብታ መልቀቂያ እንዲጻፍላት ጠየቀች። እትዬ አንጓች ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት ዝም አለች። «ዛሬ እጄን ያመኛል ልጄ፤ አልጽፍም። ማክሰኞ ነይ» ብለው ሸኟትና ቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«አንቺ፣ ትሁን በስልክ ተሳቀባት ሲባል ሰማሁ፤ እስቲ ያንን ስልክሽን ክፈችልኝ» አሉ።

ከፈትሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። የትሁንን አነበቡ፤ «ስንት?» የሚለውን አነበቡ። ከዚያ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አኑረው «ይችስ የምትስቀው ማናት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁ፤ የሳቅሁበት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ቆይተው ስለ አባታቸው አወሩኝ። አባታቸው በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ ንባብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እትዬ አንጓች በልጅነታቸው ከአጥሩ ወዲህ ጥጥ እየፈተሉ የተማሪዎቹን ንባብ ሲሰሙ ነው ያደጉት።

«ተማሪው የሚላላውን አጥብቆ ነገሩ ሲበላሽ አባቴ ‹ፊደሉ ምን አደረገህ፤ ኃጢአቱ የአንባቢው ነው› ይሉት ነበር። ያልታወቀ ቃል ሲገጥመው ደግሞ ‹እስክትጠይቅ ድረስ ላልቶ ይነበብ› ይሉታል። መጥበቁን በኋላም ይደርስበታል።»

እኔም ጥፋቴን ቶሎ ለማረም ቸኩዬ፣ ማስተባበያ ጽፌ በግሩፑም በቻናሉም እንዲወጣ አደርጋለሁ አልሁ፤ ተማሪ ትሁን ደሴ የሸጠችው በርበሬ ነው ብዬ።

«ስሟን ደግመሽ ልትጠሪው?» አሉኝ። «ያልሰማውም እንዲሰማ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የጣትማ ምኑ ይታሻል። ተይ፤ የያዙት ልጆች ይፍቱት።»

ዓርብ ዕለት ነገሩን በመላላክ የታወቁ ስምንት ልጆችን ከክፍል አስጠሩ። ተራ አስከባሪዋ እኔ ነበርሁ። የሪከርድ ክፍሉ በር ከስስ ኮምፔርሳቶ የተሠራ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። አንድ ልጅ ይገባል። ዶሴ ሲወጣ ይሰማል፤ ጠረጴዛ ላይ ዱብ ይላል።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ክፈተውና እየው። የራስህ ነው፤ አትፍራ።»

ወረቀት ይገለጣል።

«ከዚህ ውስጥ ካለው አንድ ነገር ወጥቶ በሰው አፍ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እትዬ።»

«ወደፊትም አትሰማም። እኔን ብታስቀይመኝም አትሰማም። በል ዝጋውና ወደ ክፍልህ ሂድ።»

በቃ ይኸው ነው። ስለ ትሁን አንድ ቃል የለም። ሰርዝ የለም፤ ወላጅ አምጣ የለም። ስምንቱንም እንዲሁ አደረጉ። ሲገቡ እየተጎሻሸሙ ነበር፤ ሲወጡ አንዱ ሌላውን አያይም። «ስንት?» ብሎ የጻፈው ልጅ ውስጥ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዶሴው ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ስሙንም አልጽፈውም። ዛሬ ቤተሰብ አለው፤ ያን ጊዜ ልጅ ነበር። የማውቀው፣ ቻናሉን የሚመራው የአጎቱ ልጅ ስለነበር ዕለቱን ሄዶ አስጠፋው። ከሰው ስልክ ሁሉ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ከዚያም በኋላ ትሁን ስታልፍ የሚያጉረመርም አልጠፋም። እነዚያ ስምንቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳቃቸውን አቆሙ።

የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ «አንቺም ግቢ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጠረጴዛው ላይ የእኔ ዶሴ ነበር። ከፍቼ አየሁት። ምን እንዳለበት አልነግራችሁም፤ ከተቀጠርሁ ጀምሮ እትዬ አንጓች ለማንም ያላሉትን እኔ ዛሬ አላወጣውም። ዘግቼ መልሼ ሰጠኋቸው።

ሰኞ ጠዋት የትሁን አባት መጡ። እትዬ አንጓች አስጠርተውኝ ከዶሴ መደርደሪያው ጥግ አስቀመጡኝ። አያ ደሴ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ» አሉ አያ ደሴ። «ወረቀቷን ይስጡኝ እሜቴ።»

«ወረቀቷ ደኅና ቦታ ነው ያለ። ምነው፣ ትምህርቱ ከበዳት?»

«ትምህርቱስ አልከበዳት። እኛን ከበደን። የሚጠይቃት ሰው አለ፤ ነገሩ ሳይገፋ ብትዳር ይሻላል ተባባልን።» አንገታቸውን ደፉ። «ወንድሟ ከስልክ ያነበበልኝን በአፌ አልደግመውም።»

«አይድገሙት። ዲያቆን ነበሩ አሉ?»

«ድሮ። ዳዊት ደግሜያለሁ።»

«እንግዲያማ ንባብ ያውቃሉ። የኔ ዓይን ደክሟል፤ እስቲ ይችን አንድ መስመር ያንብቡልኝ።»

ከመሳቢያቸው አንዲት ወረቀት አወጡ። የትሁንን መልእክት ከስልኬ ላይ አይተው በእጃቸው ገልብጠውታል፤ ስም የለበትም፣ ፎቶ የለበትም። አያ ደሴ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ያዙና እንደ ቤተ ክህነት ልጅ ድምፅ አውጥተው ጀመሩ። ቡሬ ሄጄ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የቀረችውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቧት።

«‹ሸ›ን ምን አደረጓት?» አሉ እትዬ አንጓች።

«አጠበቅኋት።»

«የንባብ መምህርዎ ቢሰሙ ምን ይሉዎ ነበር?»

«ከፊት ያለውን አይተህ አንብብ ይሉኝ ነበር።»

«ከፊቷ ምን አለ?»

«ቡሬ።»

«ቡሬ ማን ላካት?»

ሰውየው ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት። «እኔ» አሉ። «እናቷን አሟት ነበር። ሁለቱን ማዳበሪያ በርበሬ መኪና ላይ የጫንሁት እኔው ነኝ። ወንድሟ ሲያነብልኝ ያ ነገር ከልቤ ጠፋ። በስልክ የወጣ ነገር ሌላ መሰለኝ።»

«እንግዲያ አሁን እንደገና ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። ላልታ ወጣች። ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «የገዛ ልጄን በሰው ንባብ አነበብኋት» አሉ። እትዬ አንጓች ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስኪረጋጉ ጠበቋቸው። ሰው ሲያለቅስ አያዩም ነበር።

«ወረቀቷንስ ላውጣው?» አሏቸው በመጨረሻ።

«ደኅና ቦታ ነው ያለ ብለውኝ የለ» አሉ አያ ደሴ። «እዚያው ይቆይ።»

ማክሰኞ ትሁን መጣች። ለመልቀቂያው የተቀጠረችበት ቀን ነበር፤ ደብተሯን ይዛ መጣች። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ልጠይቃት ተነሥቼ ነበር፤ እትዬ አንጓች ከለከሉኝ። «ባለቤቷን ጠይቂ እንጂ! በሰው ፊት መጠራት ትወድ እንደሆነ በምን አወቅሽ?» አሉኝ። ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋትና ምን እንዳደርግላት እንደምትፈልግ ጠየቅሁ። ብዙ አሰበች። «ምክንያት በአፍ ይሁን ቲቸር» አለችኝ። ግሩፑን ዘጋሁት።

እትዬ አንጓች ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ይህን ነገር አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። በስም በኩል ስስታም ይሁኑ እንጂ በሌላው ቸር ሰው ነበሩ፤ ዳቦ ቢኖራቸው ያካፍላሉ፣ ቀልድ ያካፍላሉ፣ የሰው ስም ግን ከእጃቸው አይወጣም። እወዳቸው ነበር። ይህንንም በሕይወት ሳሉ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ያንን ነው የምጸጸተው።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ለትሁን ደወልሁላት። ዛሬ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የእትዬ አንጓችን ዕረፍት ሰምታ ቀብራቸው ላይ ደርሳ ነበር፤ በሕዝቡ ብዛት አልተገናኘንም። ስለ እሳቸው ልጽፍ እንደሆነ፣ የእሷን ነገር ካላነሣሁ ግን እሳቸውን ማሳየት እንደማልችል ነገርኋት። «ስምሽን እለውጠዋለሁ። የአባትሽንም እለውጠዋለሁ። ቡሬንም ሌላ ከተማ፣ በርበሬውንም ሽንኩርት አደርገዋለሁ፤ ማንም አያውቅሽም። አይሆንም ካልሽኝም እተወዋለሁ» አልኋት።

ከኋላዋ የሚያለቅስ ሕፃንና እናቱ የምታባብልበት ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ቸኩዬ እንዳልናገር አፌን ይዤ ጠበቅሁ።

«እትዬ አንጓች የኔን ነገር ለማንም ሳይናገሩ ነው የሞቱት አይደል ቲቸር?» አለችኝ።

«ለማንም» አልሁ።

«እንግዲያ የኔ ነው፤ እኔ ልናገረው» አለች። «ስሜን አይቀይሩት። የአባቴንም አይቀይሩት፤ እሳቸውን እኔው አስፈቅዳቸዋለሁ። ሽንኩርትም አይበሉ። በርበሬ ነው የሸጥሁት።»